ከሞቱ አሟሟቱ
(የማይድን ሕመም ስለ ያዘው ሰው አያያዝ የቀረበ አጭር ጥናት)

መግቢያ

አባቶቻችን «ከሞቱ አሟሟቱ» ይላሉ። ይህ አነጋገር ብዙ ጊዜ የሚነገረው አንድ ሰው በክፉ አኳኋን ሲሞት ነው፤ ነገር ግን አስተውሎ ለተመለከተው ሰው በውስጡ ትልቅ ጥያቄ አለበት። ሞት ለማንም የማይቀር ዕዳ ስለ ሆነ ሊያስቀረው የሚችል የለም፤ አሟሟቱን ግን የሰው እጅ ሊያከፋውም ሊያሳምረውም ይችላል። ታዲያ ሕመሙ የማይድን መሆኑ የታወቀ ሰው ሲሠቃይ ቤተ ዘመዱ፥ ሐኪሙና ጎረቤቱ ምን ሊያደርጉለት ይገባል? ሞቱን ሊያፋጥኑለት ይገባልን? ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ያሰብሁት በነገሌ ቦረናና በአካባቢዋ ባሉት የቆላ ከተሞች፥ ማለት በፊልቱ፥ በያቤሎ፥ በሜጋና በሞያሌ፥ እንዲሁም ከከተማ ርቀው ከብትና ግመል ይዘው ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች የሚጠቅም ነገር ለማቅረብ ነው። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» የተባለው የኢትዮጵያ፥ «እ.ኤ.አ.» የተባለው የአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲገነዘብልኝ እለምናለሁ።

1ኛ. የቃላቱ ትርጉም

«ኢውታኔዝያ» የሚባለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ነው፤ «ኤው» መልካም፥ «ታናቶስ» ሞት ማለት ስለ ሆነ የቃሉ ጥሬ ትርጉም መልካም ሞት ነው። በዘመናችን ግን ቃሉ የሚነገረው ሥቃይ የበዛበትን በሽተኛ ለማሳረፍ በማሰብ ሆን ብሎ ሕይወቱን ስለ ማጥፋት ነው። በአማርኛ «የምሕረት ግድያ» ይባላል።

«ፓሊየቲቭ ኬር» የሚባለውን ደግሞ የጤና ባለሙያዎቻችን «የማስታገሻ ሕክምና» ይሉታል። ቃሉ የተገኘው «ፓሊየም» ከተባለው የላቲን ቃል ሲሆን ትርጉሙም ከላይ የሚደረብ ልብስ ማለት ነው። በሽተኛ ሲበርደው ጋቢ እንደምናለብሰው ሁሉ፥ ይህም ሕክምና በሽታውን ነቅሎ ባያወጣው እንኳ ሥቃዩን ይሸፍንለታል።

እነዚህን ሁለት ነገሮች ብዙ ሰው ያቀላቅላቸዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች እንደ ተጻፈው ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ሀ) ሐኪም ወይም ሌላ ሰው በሽተኛው እንዲሞት አስቦ ገዳይ መድኃኒት ቢሰጠው፥ ይህ የምሕረት ግድያ ነው።

ለ) በሽተኛው በገዛ እጁ እንዲወስደው ገዳይ መድኃኒት ቢያቀርብለት፥ ይህ ራስን ለመግደል መርዳት ነው።

ሐ) ሥቃይ ከመጨመር በቀር ፍሬ የማይሰጥ ሕክምና በበሽተኛው ፈቃድ ቢቀር፥ ይህ ግድያ አይደለም፤ ሰውየውን የሚገድለው በሽታው ነውና።

መ) ሕመምን ለማስታገስ በልክና በሰዓት የሚሰጥ መድኃኒትም ግድያ አይደለም፤ ይህ ሐኪም ሊያደርገው የሚገባው ግዴታ ነው።

ነገሩ እንዲገባን በኩራዝ እንመስለው። ጋዝ ያላለቀበትን ኩራዝ እፍ ብሎ ማጥፋት አንድ ነገር ነው፤ ጋዙ እያለቀ ያለውን ኩራዝ ነፋስ እንዳያንገላታው ከልሎ እስኪጨርስ ድረስ አጠገቡ መቀመጥ ሌላ ነገር ነው። የማስታገሻ ሕክምና ሁለተኛው ነው።

2ኛ. ሕግ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 15 ማንኛውም ሰው በሕይወት የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 542 ሌላውን ሰው ራሱን እንዲገድል ማነሣሣትንና መርዳትን በወንጀል ያስቀጣል። ሟቹ ራሱ ለምኖ ነበር ማለት ነፍስ ግድያን የሚያስፈቅድ ምክንያት አይሆንም። እንግዲህ የምሕረት ግድያ በአገራችን የተከለከለ ነው። ክርስትናም ሆነ እስልምና ሕይወትን የፈጣሪ አደራ አድርገው ስለሚመለከቱ የሕዝቡ ስሜት ከሕጉ ጋር ይስማማል።

በሌላው ዓለም ግን ክርክሩ ሌላ መልክ ይዟል። በአሜሪካ የኦሪገን ክፍለ ሀገር ራስን ለመግደል መርዳትን የሚፈቅደው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1994 በሕዝብ ድምፅ ተወስኖ ከ1997 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ኔዘርላንድና ቤልጅግ እ.ኤ.አ. በ2002፥ ካናዳ በ2016፥ እስፓኝ በ2021 የምሕረት ግድያን በሕግ ፈቅደዋል። የኔዘርላንድ ሕግ የበሽተኛው ልመና በፈቃዱ የተደረገና በሚገባ የታሰበበት እንዲሆን፥ ሥቃዩ ተስፋ የሌለውና የማይቻል እንዲሆን፥ ሌላ ሁለተኛ ሐኪምም እንዲያየው ያዝዛል። ነገሩን የሚደግፉትም የሚቃወሙትም የተማሩና ቅን ሰዎች መሆናቸውን ማወቅ ይገባናል።

3ኛ. የሁለቱ ወገኖች ክርክር

ደጋፊዎቹ የሚያቀርቡት ምክንያት በአጭሩ ይህ ነው፤ ሰው በሕይወቱ ላይ አዛዥ ስለ ሆነ በመጨረሻዋ ሰዓቱም ላይ ሊያዝዝ ይገባዋል፤ ተስፋ የሌለው ሥቃይም ለማንም አይጠቅምም። በእኛ አገር ደግሞ አንድ ከብት አርቢ እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ «በድርቅ ጊዜ እግሯ ተሰብሮ የወደቀችውን ላም እንድታርፍ አርደናት እናውቃለን። ለላሚቱ የራራን ለሰው ስለ ምን አንራራም?»

ይህ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን የከብት አርቢውን ሥራ ከመጀመሪያው ጀምረን እንመልከተው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በቦረና ምድር አምስት የዝናም ወቅቶች በተከታታይ ሳይሰምሩ ቀርተው እጅግ ብዙ ከብት ባለቀ ጊዜ፥ ባለ ከብቱ ገና ሲነጋ የወደቀችውን ላም ከነዘመዶቹ ደግፎ ያስነሣት ነበር፤ ለራሱ ያጣውን ውኃና ሣር ይፈልግላት ነበር። ቢላዋውን ከማንሣቱ በፊት ላሚቱን ለማንሣት ይደክማል። ለላም እንኳ ሥርዓቱ ይህ ከሆነ፥ ለሰውም መጀመሪያ ልንጠይቅ የሚገባን «ይገደል ወይስ አይገደል?» ብለን ሳይሆን «ሥቃዩን ለማቃለል የሚቻለው ሁሉ ተደርጎለታልን?» ብለን ነው። የሕመም መድኃኒት አንድ ቀን እንኳ ያልቀመሰ በሽተኛ «ሞቴን አፋጥኑልኝ» ቢል፥ ቃሉ የሞት ልመና ነው ብሎ ለመፍረድ አይቻልም፤ ምናልባት የመድኃኒት ልመና ይሆናል።

ተቃዋሚዎቹ የሚሰጡት ሌላ ምክንያት አለ፤ ለእኛ አካባቢ ከሁሉ የሚከብደውም እርሱ ነው። ሕክምናው ሩቅና ውድ በሆነበት፥ አንዱን በሽተኛ ለማሳከም የቤተ ሰቡ ከብት በሚሸጥበት ቦታ፥ ሽማግሌው አባት «ሸክም ሆንሁባችሁ፤ ልሙትና ልጆቹ ይኑሩበት» ሊሉ ይችላሉ። ይህ ቃል ከነፃ ፈቃድ የወጣ ይመስላል እንጂ ያናገራቸው ድህነት ነው። ስለዚህ የሞት ምርጫ ከመቅረቡ በፊት የሕክምና ምርጫ መቅረብ አለበት።

4ኛ. ሥቃይ አራት ፊት አለው

የዛሬውን የማስታገሻ ሕክምና ከመሠረቱት ሰዎች ዋነኛዋ እንግሊዛዊቱ ዶክተር ሲስሊ ሳንደርስ ናቸው። እኒህ ሴት እ.ኤ.አ. በ1918 ተወለዱ፤ መጀመሪያ አስታማሚ፥ ቀጥሎም በሐኪም ቤት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነበሩ። የሚሞቱት በሽተኞች እንዴት እንደሚረሱ ባዩ ጊዜ ሕክምና ተምረው ሐኪም ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1967 በሎንዶን ከተማ ሴንት ክሪስቶፈርስ ሆስፒስ የተባለውን ቤት ከፈቱ። ሆስፒስ ማለት ሕመማቸው የማይድን ሰዎች ሥቃያቸው ተቃልሎ፥ ክብራቸው ተጠብቆ የሚታከሙበት ቤት ወይም አገልግሎት ነው።

ዶክተር ሳንደርስ ያስተማሩት ትልቁ ትምህርት «ጠቅላላ ሥቃይ» የሚባለው ነው። ይኸውም የሥጋ ሕመም፥ የልብ ኀዘንና ፍርሀት፥ የቤተ ሰብና የገንዘብ ጭንቀት፥ የመንፈስ ጥያቄ አራቱ ተደራርበው አንድ ሥቃይ ይሆናሉ ማለት ነው። አጥንቱን ካንሰር የሚበላው አባወራ ሌሊት የሚያቃስተው ስለ አጥንቱ ብቻ አይደለም፤ ያልተከፈለ ዕዳ፥ ያልታረቀው ወንድም፥ ያልዳረው ልጅ በሐሳቡ ይመላለስበታል።

ይህ ትምህርት እውነት መሆኑን ከኦሪገን የሚወጡት ዓመታዊ መግለጫዎች ያስረዳሉ። በዚያ ገዳይ መድኃኒት የሚጠይቁት ሰዎች ከሚሰጡት ምክንያት ዋናው የሥጋ ሕመም አይደለም፤ በራስ ማዘዝ መቅረቱ፥ ደስ የሚያሰኝን ሥራ መሥራት አለመቻልና ክብር የማጣት ስሜት ነው። ስለዚህ የሕመም መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፤ በሽተኛው ሰው መሆኑ እንዳልቀረ የሚያስረዳው ሰው ያስፈልገዋል።

5ኛ. ስለ ሞርፊን

ለብርቱ ሕመም ዋናው መድኃኒት ሞርፊን ነው። የሚገኘው ኦፒየም ከሚባለው ከፖፒ ተክል ጭማቂ ሲሆን፥ ነጥሮ የወጣው በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በጀርመናዊው መድኃኒት ቀማሚ በሰርቱርነር እጅ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 የካንሰርን ሕመም ለማስታገስ ባለ ሦስት ደረጃ መሰላል አወጣ። ለቀላል ሕመም እንደ ፓራሲታሞል ያለው፥ ለመካከለኛው እንደ ኮዴይን ያለው፥ ለብርቱው ሞርፊን እንዲሰጥ ያዝዛል። ዛሬ መሰላሉ ሐኪሞች የሚማሩበት አጠቃላይ መምሪያ እንጂ ለሁሉ ሰው አንድ ዓይነት ሕግ አይደለም፤ መጠኑ በየበሽተኛው ሕመም ልክ ይወሰናል።

ከዚህም ጋር አብረው የሚሄዱ ሁለት ደንቦች አሉ። አንደኛው፥ በሽተኛው መዋጥ ከቻለ መድኃኒቱ በመርፌ ከሚሰጥ ይልቅ በአፍ ቢሰጥ ይሻላል። ሁለተኛው፥ ሕመሙ እስኪመለስ ሳይጠበቅ በሰዓቱ መሰጠት አለበት። የሚጠጣው ፈሳሽ ሞርፊን የሚሠራው ለአራት ሰዓት ያህል ስለ ሆነ በየአራት ሰዓቱ ይሰጣል፤ ይኸውም በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ጧት በ12፥ ረፋድ በ4፥ ከቀትር በኋላ በ8፥ ማታ በ12፥ ሌሊት በ4 ሰዓት ማለት ነው። በሽተኛው እንቅልፍ እንዲያገኝ ሐኪሞች የመኝታውን መጠን ከፍ አድርገው ማዘዝ ልማዳቸው ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በወረቀቱ ላይ «10 ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍ በኢትዮጵያ ነው ወይስ በአውሮፓ አቆጣጠር ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

ስለ ሞርፊን በሕዝብ ዘንድ ሦስት ፍርሀቶች አሉ። «ሱስ ያስይዛል» ይባላል፤ ለብርቱ ሕመም በሐኪም ቁጥጥር የሚወስደው በሽተኛ ሱሰኛ መሆኑ ግን እምብዛም አይታይም። «ይገድላል» ይባላል፤ ያለ ትእዛዝ የተወሰደ ብዙ መጠን በእውነት ይገድላል፤ በትንሹ ተጀምሮ በጥንቃቄ የሚጨመረው ግን ሞትን አያፋጥንም። «የመጨረሻው መድኃኒት ነው፤ ከተጀመረ ሰውየው አለቀለት» ይባላል፤ ነገር ግን ሕመሙ ጋብ ሲልለት ተነሥቶ የሚቀመጥ፥ የሚበላና ከልጆቹ ጋር የሚጫወት ብዙ ነው። እውነተኛው ችግር የሆድ ድርቀት ነው፤ ስለዚህ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ መታዘዝ አለበት።

የማስታገሻ ሕክምና ዕድሜን ያሳጥራል የሚለውንም ሐሳብ ጥናት አልደገፈውም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የሳንባ ካንሰር የተሠራጨባቸው 151 በሽተኞች ተጠኑ። ማስታገሻው ከመደበኛው ሕክምና ጋር ገና ከመጀመሪያው የተሰጣቸው መካከለኛ ዕድሜያቸው 11.6 ወር ሲሆን፥ መደበኛውን ሕክምና ብቻ ያገኙት 8.9 ወር ሆነ። በአነስተኛ ሥቃይ የኖሩት አጭር ዕድሜ አልኖሩም።

6ኛ. በአገራችንና በቆላ ከተሞች

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ሰዎች የማስታገሻ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል፤ የሚያገኙት ግን ከመቶ 14 ያህሉ ብቻ ናቸው። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የተቋቋመ ኮሚሲዮን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጽሑፍ፥ በዓመት በዓለም ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን ከሞርፊን ወገን የሆነ መድኃኒት ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ መሆኑን ገልጿል። ሀብታሞቹ አገሮች ስለ ምሕረት ግድያ ሲከራከሩ መድኃኒቱ በእጃቸው ሆኖ ነው። በድሃ አገር ያለው በሽተኛ ግን ገና ከመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቆሟል።

በኢትዮጵያ መልካም ጅምር አለ። ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን የተባሉ ነርስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሆስፒስ ኢትዮጵያን በአዲስ አበባ አቋቋሙ፤ ይህ ድርጅት በሽተኞችን በየቤታቸው እየሄደ ያስታምማል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2007 የሕመም ማስታገሻ መምሪያ፥ በ2016 ደግሞ የማስታገሻ ሕክምና መምሪያ አውጥቷል። መምሪያ ግን መንገድ ማመልከቻ ነው፤ መንገዱን የሚሄድበት ሰው ያስፈልገዋል።

ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የካንሰር የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በመላው ኢትዮጵያ ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሐኪም ቤት ብቻ ነበር፤ ዛሬ በጥቂት ሌሎች ከተሞች ቢጀመርም ከቆላ ለሚነሣ በሽተኛ መንገዱ አሁንም ረጅም ነው። ከገናሌ ወንዝ ማዶ ባለው በባሌና እንዲሁም በአርሲ የምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር በብዛት እንደሚታይ የሕክምና ጥናቶች ያመለክታሉ። ይህ በሽታ መጀመሪያ ጠንከር ያለውን እህል፥ ቀጥሎ ገንፎውን፥ በመጨረሻም ወተቱን ለመዋጥ ይከለክላል። ብዙዎቹ ወደ ሐኪም የሚደርሱት ወተቱ እንቢ ሲል ስለ ሆነ በቀዶ ጥገና የመዳን ጊዜ አልፎባቸዋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

አሁን አንዲት እናት እንዲህ ያለው ሕመም ይዟቸው ከአዲስ አበባ ወይም ከሐዋሳ «ከእንግዲህ ምንም አይደረግላቸውም፤ ወደ ቤት ውሰዷቸው» ተብለው ተመለሱ እንበል። በእኔ አስተሳሰብ ከበሽታው ይልቅ የሚጎዳው ይህ ቃል ነው። የማይድን ማለት የማይታከም ማለት አይደለምና። የሚዋጥበት ቱቦ ሊገባላቸው ይቻላል፤ ሕመማቸውን ማስታገስ ይቻላል፤ ማቅለሽለሽን፥ ድርቀትን፥ የእንቅልፍ ማጣትን ሁሉ ማቃለል ይቻላል። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ከሐኪም ቤቱ ከመውጣቱ በፊት «ለሕመማቸው ምን ታዝዞላቸዋል? መድኃኒቱ ሲያልቅ በአቅራቢያችን ካለው ሐኪም ቤት እናገኘዋለን?» ብሎ መጠየቅና ማዘዣውን በጽሑፍ መቀበል ይገባዋል።

የሩቅ አገር ነገር ነው እንዳይባል ከአገራችን ብዙ ከማትርቀው ከኡጋንዳ ምሳሌ ልጥቀስ። ዶክተር አን ሜሪማን የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1993 በካምፓላ ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳን መሠረቱ። የሞርፊኑን ዱቄት በውኃ አስበጥብጠው፥ በጠርሙስ አስሞልተው፥ በርካሽ ዋጋ ወደየቤቱ እንዲሄድ አደረጉ። የኡጋንዳ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2004 ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ ፈቀደ። ሐኪም በማይደርስበት ገጠር ነርስ ትደርሳለች። ለእኛም ቆላ የሚስማማው እንዲህ ያለው አሠራር ይመስለኛል።

7ኛ. እውነትን ስለ መንገር

በአገራችን በሽተኛው ሕመሙን እንዳያውቅ መደበቅ የተለመደ ነው። ቤተ ሰቡ ሐኪሙን ወደ ውጭ ጠርቶ «ለእርሳቸው አይንገሩብን» ይላል። ይህን የሚያደርገው ከፍቅር የተነሣ ነው፤ ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ብቸኝነት ነው። በሽተኛው ከሰው ፊት ላይ እያነበበ ያውቀዋል፤ እነርሱም እንዳወቀ ያውቃሉ፤ ሁሉም በአንድ ቤት ውስጥ ተደባብቀው ይቀመጣሉ።

ደግሞም የገዛ ልማዳችን የሚያስተምረን ሌላ ነው። ኑዛዜ የሚባለው ሥርዓት ሊኖር የሚችለው ሰውየው መሄዱን ሲያውቅ ነው። ዕዳውን የሚናገረው፥ የተጣላውን የሚታረቀው፥ ልጆቹን የሚመርቀው ያን ጊዜ ነው። ክርስቲያኑ ንስሓ አባቱን ይጠራል፤ እስላሙ ሸሃዳውን እያሰማ የሚያስታውሰው ዘመድ አጠገቡ እንዲሆን ይፈልጋል፤ የቦረናና የጉጂ ሽማግሌም ምርቃቱን ሳይሰጥ መሄድ አይወድም። እውነቱን የደበቅንበት ሰው ይህ ሁሉ ይቀርበታል።

ይህ ማለት መርዶ በድንገት እንደሚነገር ሁሉ በሽተኛውን ማስደንገጥ ይገባል ማለት አይደለም። አስቀድሞ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅ፥ የፈለገውን ያህል ብቻ በለዘበ ቃል መንገር፥ ከዚያም ትቶት አለመሄድ ይበቃል። ማወቅ የማይፈልግም ሰው መብቱ ነው።

8ኛ. በቤት ውስጥ ስለ ማስታመም

የማስታገሻ ሕክምና ብዙው ክፍል የሚሠራው በቤት ውስጥ ነው። ለመደበኛው አስታማሚ የሚጠቅሙትን ጥቂት ምክሮች ከዚህ በታች እዘረዝራለሁ።

ሀ) መገላበጥ። መነሣት የማይችለውን በሽተኛ በየሁለት ሰዓቱ በሌላው ጎኑ ማስተኛት፥ አንሶላውን ማቅናት፥ ቆዳውን ንጹሕና ደረቅ አድርጎ መጠበቅ የመኝታ ቁስልን ይከላከላል።

ለ) አፍና ከንፈር። ንጹሕ ጨርቅ በውኃ አርሶ አፉን ማጽዳት፥ ከንፈሩ እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን መቀባት ያስፈልጋል። በቆላ ሙቀት ይህ ትንሽ ነገር ትልቅ ዕረፍት ይሰጣል።

ሐ) ምግብ። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ሰውነት ምግብ አይጠይቅም። «ለእኔ ስትል አንዲት ጉርሻ» እያሉ ማስጨነቅ ትንታና ሥቃይ ያመጣል። ጥቂት ወተት ወይም ውኃ በማንኪያ፥ በፈለገ ጊዜ ብቻ፥ ቀና አድርጎ መስጠት ይበቃል። የቀረው ፍቅር በእጅ ማሻሸትም ይገለጻል።

መ) ትንፋሽ ሲያጥር። ትራስ ደግፎ ማስቀመጥ፥ መስኮትና በር መክፈት፥ ፊቱ ላይ በቀስታ ማራገብ ይረዳል። ጠያቂው ሁሉ ተሰብስቦ አየሩን እንዳይዘጋበት ማድረግ ይገባል።

ሠ) ሕመሙን መለካት። በአምስት ጣት መጠየቅ ይቻላል፤ ጭብጥ ከሆነ ሕመም የለም፥ አምስቱም ጣት ከተዘረጋ የማይቻል ሕመም ነው። ይህ ዘዴ ቋንቋ አይለይም፤ በኦሮምኛ፥ በሶማልኛም ሆነ በአማርኛ ለሚናገር እኩል ይሠራል።

ረ) መነጋገር። ዓይኑን የጨፈነና የማይመልስ ሰው እንኳ ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ አጠገቡ ስለ ቀብርና ስለ ንብረት መጨቃጨቅ ነውር ነው፤ ስሙን እየጠሩ ማናገር ግን መልካም ነው።

እዚህ ላይ የተማሪ ድርሻ ግልጽ ሆኖ ይታያል። በብዙ ቤት ውስጥ የመድኃኒቱን ጽሑፍ የሚያነበው፥ ሰዓት የሚያየው የተማረው ልጅ ነው። እናቱ ሌት ተቀን ስታገላብጥ፥ ተማሪው ከደብተሩ አንድ ቅጠል ላይ መስመር አስምሮ መድኃኒቱ የተሰጠበትን ሰዓት፥ የሕመሙን ጣት ቍጥር፥ ሆዱ የሠራበትን ቀን ቢጽፍ፥ ይህች ወረቀት ለነርሷ ከብዙ ቃል ይልቅ ትናገራለች። መድኃኒቱንም ከሕፃናት እጅ ርቆ በተቆለፈ ሣጥን እንዲቀመጥ ማድረግ የእርሱ ኀላፊነት ሊሆን ይችላል።

9ኛ. የማኅበር ሥራ

በከተሞቻችን ሰው ሲሞት እድር ድንኳን ይተክላል፥ ወንበርና ድስት ያመጣል፥ ኀዘንተኛውን ያጽናናል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ግን ሰውየው ካለፈ በኋላ ነው። ኤች አይ ቪ በአገራችን እጅግ በበረታበት ዘመን በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች አንዳንድ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ከቀብር አስቀድሞ በሽተኛን ወደ ማስታመም ተሻግረው ነበር። በጎ ፈቃደኞች ሠልጥነው ከቤት ቤት እየዞሩ ያጥቡ፥ ያበሉና ያጽናኑ ነበር። እንግዲህ ነገሩ ለእድር አዲስ አይደለም።

በቦረና ደግሞ «ቡሳ ጎኖፋ» የሚባል የቆየ የመረዳጃ ሥርዓት አለ፤ ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሣው ከብት አዋጥቶ መልሶ ያቋቁመዋል። ይህን የመሰለ ልማድ ያለው ሕዝብ፥ በሽተኛ ለሚያስታምም ቤት የአንድ ወር መድኃኒትና የመንገድ ገንዘብ ማዋጣት ወይም ከብቱን በየተራ መጠበቅ አያቅተውም። በህንድ አገር በኬረላ እ.ኤ.አ. በ1993 በካሊኬት ከተማ የተጀመረው የማስታገሻ ማኅበር የተስፋፋው በዚህ መንገድ ነው፤ የሰፈሩ ሰው፥ ተማሪም ጭምር፥ ጥቂት ሠልጥኖ በየሳምንቱ የጥቂት ሰዓት ጊዜ እየሰጠ ነርሶችን ያግዛል።

ስለዚህ ለወላጆችና ለመምህራን የማቀርበው አሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፥ የየከተማው እድር ከቀብር መዋጮው ላይ ትንሽ ክፍል ለማስታመም ይመድብ። ሁለተኛ፥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የጤና ጣቢያ ነርሶች በማስታገሻ ሕክምና እንዲሠለጥኑ፥ የሐኪም ቤታችንም የመድኃኒት ክፍል ሞርፊንን በደንቡ መሠረት እንዲይዝ ሽማግሌዎቻችን ለሚመለከተው ክፍል ያመልክቱ። ሦስተኛ፥ በትምህርት ቤታችን ያለው የቀይ መስቀል ክበብ የቤት ውስጥ ማስታመምን ከመጀመሪያ ርዳታ ጋር አብሮ ያስተምር።

መደምደሚያ

በዚህ ጽሑፍ እንደ ተመለከትነው የምሕረት ግድያ በአገራችን ሕግ የተከለከለ ነው፤ ክርክሩ ግን በዓለም ላይ ገና አላለቀም፤ እኛም አድገን በሙያችን ላይ ስንሰማራ፥ ሐኪምም ዳኛም ስንሆን፥ ያገኘን ይሆናል። እስከዚያ ድረስ መልስ የሚጠብቅ የቀረበ ጥያቄ አለብን። አንድ ሕግ «አትግደለው» ብሎ ካዘዘ፥ «በሥቃይም አትተወው» የሚለው ግዴታ ይከተለዋል። ገዳይ መድኃኒት የነፈግነውን ሰው የማስታገሻ መድኃኒትም ከነፈግነው፥ ሕጉን ጠበቅን እንጂ ሰውየውን አልረዳነውም።

አሁን ይህን መጽሔት በሚያነቡት ሰዎች ጎረቤት፥ በነገሌ ወይም ከነገሌ ወጣ ባለው መንደር፥ «ምንም አይደረግለትም» ተብሎ የተመለሰ በሽተኛ ሊኖር ይችላል። ዛሬ ማታ ሄዶ ሊጠይቀው፥ የታዘዘለትን መድኃኒት ሊያነብለት፥ ለእናቱ ወይም ለሚስቱ የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ሊያስገኝላት የሚችል ተማሪ በየክፍላችን አለ። እንዲህ ብናደርግ ሞቱን ባናስቀርለት አሟሟቱን እናሳምርለታለን እላለሁ።